እሽ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ጭጋግ ሳይነሳ፣
ጀልባዎቹ ታስረው፣ ሳይወጣ ዓሣ፣
አራት ሆነን እንቆማለን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፤
ሥራችን ወፍ መቁጠር።
ማንም አይከፍለን፣ ማንም አላዘዘን፤
አቶ ዳንጊሶ ናቸው፣ ጡረተኛው ቀያሽ፣ የሰበሰቡን።
ትርሲት ከፋርማሲ፣ ቡርቃ ከብስክሌት ጥገና፣
እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ፣ ቁጥሩ እንዲጸና።
ሕግ አልጻፍንም፤ ግን ሁላችን እናውቃለን፦
ወፍ ባለበት አይወራም። እንኳን «ደህና አደርክ»፣
ሳል ቢመጣ እንውጠዋለን።

ያን ቅዳሜ ሁመድ መጣ።
ከአሳይታ ነው፤ ከተማውን ካየ ገና ሁለት ወሩ፣
ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት መኪና መጠገን ነው ምግባሩ።
ቡርቃ ነው የጋበዘው፣ ሲለጥፍለት ጎማውን፤
«ወፍ እወዳለሁ» ቢለው፣ «ና» አለው፤ አልነገረውም ሌላውን።

መጣና ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ እንዲህ አለ፦
«ሰላም አደራችሁ! ቤት ሰላም? ከብት ሰላም? ዝናብ ጣለ?
በየት በኩል መጣችሁ? መንገዱ ምን አለ?
ምን አያችሁ? ምን ሰማችሁ?»
                    ውሃው ብድግ አለ።
ሁለት መቶ ዳክዬ ባንድ ክንፍ ተነቀለ።

አቶ ዳንጊሶ ዞር አሉ። እጃቸውን አልሰጡም።
ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ጭነው
«እሽሽ» አሉት እንጂ፣ ሌላ አልተነፈሱም።
እሳቸው «ቀስ» ማለታቸው ነው። እሱ የሰማው ግን
ዶሮ ከስጥ ላይ የሚባረርበትን።
ፊቱ ተለወጠ፤ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ፤
ብስክሌቱን እየገፋ ሲሄድ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጤዛ ራሰ።
እኔም ጻፍሁ፦ «ዳክዬ፣ አልተቆጠረም። በሰው በረረ።»

«ባለጌ!» አለች ትርሲት፣ መነጽሯን ስትጠርግ፤
«ወፍ እያዩ ወሬ! ምን የሚሉት ወግ?»
የሱን ቃል ቡርቃ ያመጣልን ማክሰኞ ነው፦
«ሰላምታ የሚነፍግ ወይ ደመኛ ነው፣ ወይ የሞተበት ሰው።
ከሁለቱ የቱ ናችሁ? ልቅሶ ከሆነ ልድረስ፤
ደም ከሆነም ንገሩኝ፣ ሽማግሌ ይዤ ልመለስ።»

የአቶ ዳንጊሶ ሻይ ቀዘቀዘ።
«እኔ?» አሉ። «ከበሬ እስከ ገበያ ‹ኬሬ› ሳልል የማላልፈው፣
እኔ ነኝ ሰላም የነፈግሁት ለሰው?»

ሐሙስ ፈረቃ ሲለቅ ከፓርኩ በር ጠበቁት።
ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ቅዳሜ ግን ይዘውት መጡ፣
ከውሃው ራቅ ብለው፣ አስፋልቱ ዳር፣ ዋርካው ሥር ተቀመጡ።
«ዳጉ ይባላል» አሉን፤ «በሱ አገር መንገደኛ ከመንገደኛ ሳይነጋገር አያልፍም።
ያየውን ይሰጣል። የሰማውን ይሰጣል። አንዲት ቃል አይጨምርም።»

ሁመድም ጀመረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ጥቁር ውሃ ድልድይ፣ ጎህ ሲቀድ፣
ሠላሳ ሰባት ፔሊካን፣ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ፤
አንዱ ግራ ክንፉ ተሰብሮ፣ ከመንጋው ራቅ።
ይህን አይቻለሁ።
አንድ ዓሣ አጥማጅ ‹ማታ ጉማሬ ቄጠማው ውስጥ ገባ› ብሏል፤
ይህን ሰምቻለሁ።
ከዚያ ወዲህ ያለውን አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ዝም እላለሁ።»

መዝገቤን ገለጥሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በኔው እጅ ጽሕፈት፦
«ፔሊካን፣ ወደ አርባ ገደማ።» «ፔሊካን፣ ብዙ።» «ፔሊካን፣ ጥቂት።»

አሁን ሰላምታችን ዋርካው ሥር ያልቃል፤
ከብት የለኝም፤ ግን «ከብት ሰላም?» ሲለኝ «ሰላም» እላለሁ፣ ደስ ይለዋል።
ትርሲት «ሃያ ደቂቃ አባከንን» ትላለች ሰዓቷን እያየች፤
ባለፈው ሳምንት ግን እሱ ቢዘገይ፣ «ምን ሰምቶ ይሆን?» አለች።

ያቺ መስመር ብቻ አለች፣ «በሰው በረረ» የምትለው።
ላጲስ የለኝም። ብሰርዛትም ሰረዙ ይታያል።
ሁመድ በትከሻዬ አሻግሮ ሲያነብ፣
ያንን ገጽ ቶሎ እገልጠዋለሁ።
አይቷት እንደሆነ
አላየሁም።
አልሰማሁም።